ውሃ ብቻ የተሰጣቸው ሴሎች

ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጉንፋን የያዘው አንድም ሰው እንደሌለ በይፋ አስታወቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ደግመው ጠረጉ።

አዋጁ ያስፈለገው ማብራት የሌለባቸው ሴሎች ስላበሩ ነው። ተማሪዋ የምታሳድጋቸው ሴሎች ቫይረስ ሲገባባቸው አረንጓዴ ያበራሉ። ሴል የራሱን መልእክት፣ ማለትም አርኤንኤውን፣ ቆብ አድርጎለት ነው የሚልከው፤ የቫይረሱ ግን ባዶ ራሱን ይመጣል። ውስጥ ያለው ዘበኛ ፕሮቲን ቆብ የሌለውን ሲያገኝ አንቆ ይዞ ይጮሃል፤ ጎረቤት ሴሎችም ይሰሙና በራቸውን ይቀረቅራሉ። አሁን ጮኸው ያበሩት ታዲያ ውሃ ብቻ ጠብ የተደረገባቸው ናቸው።

«ቫይረሱን ያስገባሽው አንቺ ነሽ» አሏት ፕሮፌሰሩ። ከየት እንደገባ ካልታወቀ የዓመታት ሥራዋ ተጥሎ ምረቃዋም አብሮ ሊቀር ነው።

«እኔ ጤነኛ ነኝ።»

«ማን ታመምሽ አለሽ?» አለ ቴክኒሻኑ። እጁን ሲታጠብ ስለሚውል ሳሙና ይሉታል። ዛሬ በአፍንጫው ነው የሚያወራው። «የእኔ አለርጂ ነው እንጂ...»

«የኔም ሽንኩርት ነው» አሉ ቁልፍ ያዧ እትዬ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ሽንኩርት የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም።

የታመመ ሰው ሴል ክፍል አይገባም፤ የቀረ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ሁሉም በሩ ላይ «ደህና ነኝ» ብሎ እየማለ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሌላውን አፍንጫ ያያል።

ተማሪዋ የጥጥ እንጨቶች አመጣች። «ሴሎቹን እንጠይቃቸው። እነሱ ይሉኝታ አያውቁም።»

«በዚህ ዕድሜዬ አፍንጫዬን ልትጎረጉሪ?» አሉ እትዬ።

«እምቢ ያለ ሰው ምን ይባላል?» አለ ሳሙና፤ ወዲያው ግን የተናገረው ቆጨው፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞረዋልና።

ፕሮፌሰሩ «እንግዲህ፣ ለሥርዓቱ ያህል» ብለው አፍንጫቸውን እንደ ፊርማ አበረከቱ። ሌሎቹም ተከተሉ። ተማሪዋ የእያንዳንዱን ናሙና፣ የራሷንም ጨምሮ፣ ለየብቻ በአዲስ ሴሎች ላይ ጠብ አደረገች።

በማግስቱ አራቱም ጨለማው ክፍል ገቡ። ተማሪዋ ሰማያዊውን መብራት አበራች። ውሃ ብቻ የተሰጣቸው አዲስ ሴሎች ጨለማ ናቸው። የእሷም ጨለማ። የሳሙና አረንጓዴ። የእትዬ አረንጓዴ። የፕሮፌሰሩ ደግሞ ክፍሉን ለማየት የሚበቃ ብርሃን ነበረው።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ።

አንድ ሰው አስነጠሰ።

ሦስት ሰው ይቅርታ ጠየቀ።