የኦቦ ቲጃኒ የመጨረሻ ገጾች

ኦቦ ቲጃኒ መሞታቸውን ያነበብኩት ስልክ ላይ ነው። ቢያውቁ ኖሮ ከከፈናቸው ብድግ ብለው ይሰድቡኝ ነበር። ልጃቸው ሩፈይዳ በቴሌግራም «አባዬ ወደ አኼራ ሄዷል፣ ቀብር ከዙህር በኋላ» ብላ ላከችልኝ። እኔ ሊሙ ገነት የቡና መፈልፈያው ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ለቀብሩ አልደርስም። «ኢና ሊላሂ» አልኩና፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀጥዬ ያሰብኩት ስለ አንዲት የመጽሔት ገጽ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅኳት ገጽ እሳቸው ጋ ነበረች።

ኦቦ ቲጃኒ ጅማ መርካቶ አጠገብ መጽሔት የሚያከራዩ ሰው ነበሩ። ሰው መጽሔት መግዛት ሲያቅተው እሳቸው ጋ ይመጣና፣ ከቆርቆሮ ሱቃቸው ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። ይህን ሥራ የሚሠራ በየከተማው ሞልቶ ነበር። እሳቸውን የሚለያቸው መጽሔቱ ከአዲስ አበባ እንደደረሰ የተከታታዩን ልብ ወለድ የመጨረሻ ገጽ በምላጭ ቆርጠው አውጥተው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ መክተታቸው ነው። መጽሔቱን ስትመልስ ገጹን ያወጡልሃል፤ እዚያው ቆመህ፣ እሳቸው ዓይን ዓይንህን እያዩህ ታነባለህ። በዚህ ዘዴ አንድም መጽሔት ጠፍቶባቸው አያውቅም። ልጅቷ ትሙት ትዳን ሳያውቅ ማን ይሰርቃል?

እኔ ሰረቅኩ።

ልሰርቅ ብዬ አልነበረም። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ ሊሙ ገነት ለቡና ለቀማው ወቅት ሥራ አግኝቼ፣ አውቶቡሱን እየጠበቅሁ አግዳሚው ላይ ሳነብ ጥሩምባው ተነፋ። መጽሔቱን ኮቴ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። ዓርብ እመልሳለሁ ብዬ ነው። የተቆረጠው ገጽ ጋ ስደርስ እንዲህ ይላል፤ «ሶልያና እጇ እየተንቀጠቀጠ ፖስታውን ቀደደች። ውስጡ ያለው»። በቃ። ቀሪው ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ነው።

ዓርብ ሳይደርስ ኦቦ ቲጃኒ መርካቶውን ዞረው «ኡመይር ሌባ ነው» ማለታቸውን ሰማሁ። ደሜ ፈላ። «ሌባ ያለኝ ሰው መጥቶ ይውሰድ» ብዬ ላክሁባቸው። «ገጹን የፈለገ መጥቶ ይመልስ፤ መጽሔቱ ይቅደም» ብለው ላኩብኝ። መልእክቱን የሚያመላልሱት የሊሙ ሹፌሮች ነበሩ። ከልምድ ብዛት መኪና ሳያቆሙ በመስኮት «ያው ነው፣ መጽሔቱ ይቅደም ብለዋል!» እያሉኝ ያልፉ ጀመር። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ገባና ሰቃ ከተማ ላይ ተገናኝተን እጅ በእጅ እንድንለዋወጥ ተስማማን። እሳቸው አይመጡም ብዬ ቀረሁ። እሳቸውም እሱ አይመጣም ብለው ቀርተው ኖሯል። ሽማግሌው ብቻውን ሰቃ ውሎ፣ ጎመን ገዝቶ ተመለሰ።

ከዚያ ስልኩ መጣ። መጀመሪያ ከአግዳሚው ላይ የጠፉት የኪቶ ፉርዲሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች ናቸው፤ ቀጥሎ መምህራኖቻቸው። ጡረተኞቹ ትንሽ ቆዩ፣ እነሱም ልጆቻቸው ስልክ ሲገዙላቸው ሄዱ። በየሳምንቱ ይመጣ የነበረው መጽሔት በወር ሆነ፤ በኋላ ከአዲስ አበባ የሚያመጣው ሹፌር ሱቁ ጋ ሲደርስ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ያልፍ ጀመር። ሩፈይዳ አንድ መደርደሪያ ለምና የስልክ መስታወትና ሽፋን ደረደረች። በሦስተኛው ዓመት አንድ መደርደሪያ የቀራቸው አባቷ ነበሩ።

አንድ ቀን በሷ ስልክ ደወልኩላቸው።

«ኦቦ ቲጃኒ፣ ሩፈይዳ ገጹን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። እኔም መጽሔቱን ፎቶ አንስቼ እልክልዎታለሁ።»

«አንተ ሌባ» አሉኝ። ስድብ አይመስልም ነበር፤ ስም ሆኖብኛል። «ይሄ ነገር እኮ መጨረሻ ገጽ የለውም። በጣትህ ስትገፋው ይመጣል፣ ስትገፋው ይመጣል። ምኑን ቆርጬ ልያዝበት?»

ዘጉብኝ። ድምፃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

በሞቱ ማግሥት ጠዋት መጽሔቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ኮቴ ውስጥ ከተትኩ። ያው ኮት አይደለም፤ ያኛው ሆዴ ላይ አይዘጋም። ጅማ ደርሼ ወደ ለቅሶው ቤት ስታጠፍ ሐጂራን አየኋት። ለውዝ ሻጭ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከኦቦ ቲጃኒ ሱቅ ጎን ነው የተቀመጠችው። ባዶ ሆድ ለቅሶ አይገባም ብዬ አንድ ጥቅል ገዛሁ። ለውዙን ጨርሼ ወረቀቱን ልጥል ስል «ውድ አማካሪ፣ ባሌ ከእኔ ይልቅ በጉን ይወዳል» የሚል አነበብኩ። ይህን በግ አውቀዋለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የሳቅሁበት በግ ነው።

«ሐጂራ! ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ሚስታቸው ኩልሱም ሰጠችኛ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ሱቁ እስከ ሐሙስ ይነሳል። ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ። ጥሩ ወረቀት ነው፣ ዘይት አይመጥም።»

«ሁሉንም?»

«አትጩህብኝ፣ የለቅሶ ሰፈር ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ቆይ፣ አንተ ሌባው አይደለህም እንዴ?»

«የመጨረሻ ገጾቹስ? የተቆረጡት? አብረው አሉ?»

«እኔ እጠቀልላለሁ እንጂ መቼ አነባለሁ?»

ሰባት ጥቅል ገዛሁ። እየፈታሁ አነበብኩ፣ ለውዙን ኪሴ ውስጥ ገለበጥኩ። የወጥ አሠራር፣ የኮከብ ቆጠራ፣ ግማሽ ኳስ ተጫዋች አገኘሁ። የእኔ ገጽ የለም። ማዳበሪያው ውስጥ እጄን ልከት ስል ሐጂራ በማማሰያዋ መታችኝ። የኪሴ ለውዝ እየተንኮሻኮሸ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

ሃያ ያህል ሰው ተቀምጧል። አሥራ አምስቱ ስልካቸው ላይ አጎንብሰዋል፤ ከሩቅ ላየው ኀዘን ይመስላል። ሳያጎነብሱ ከተቀመጡት አንዱ ልብስ ሰፊው ሸኩር ነው፤ የአግዳሚው የድሮ ደንበኛ።

«ኤዬ! ሌባው መጣ!» አለ።

«አላህ ይዘንላቸው» አልኩ።

«ለሳቸውስ ይዘንላቸዋል። ለእኔ ማን ይዘንልኝ? ከአንተ ቀጥሎ ተራው የኔ ነበር!» ወደ ተቀማጩ ዞረ። «አሥራ ሰባት ዓመት! ሶልያናን ፖስታ ቤት በር ላይ ቆማ ነው የተውኳት። ዝናብ ይዘንባል። እስካሁን እዚያው ቆማለች!»

«ኢንተርኔት ላይ አትፈልጋትም?» አለው ከጎኑ የተቀመጠው ባጃጅ ነጂ፣ ከስልኩ ሳይቀና።

«ፈልጌያት ነበር። አርባ ሶልያና መጣችብኝ። ሁሉም የፊት ቅባት ይሸጣሉ።»

ሳልቀመጥ ሩፈይዳ ከጓሮ በር ብቅ ብላ ጠራችኝ። እናቷ አደ ኩልሱም ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ፣ በሴቶች መሃል ተቀምጠዋል። «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው አጠገባቸው ያለውን ምንጣፍ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ተቀመጥኩ። ኪሴ ተንኮሻኮሸ።

«አላህ ያጽናዎት አደ ኩልሱም። ሳልመጣ በመቅረቴ…»

«ይዘኸው መጣህ?»

«ምኑን?»

«ማሎ ኡመይር፣ የሞተው ቲጃኒ ነው እንጂ እኔ አልሞትኩም። መጽሔቱን።»

አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ የተዘጋጀሁበት ነገር ነበር። ገጹ መኖሩን ሳላረጋግጥ መጽሔቱን አልሰጥም ብዬ ነው የመጣሁት።

«ገጹን መጀመሪያ ልየው» አልኩ።

ሩፈይዳ አፏን በሻሿ ሸፈነች። አንዷ ለቀስተኛ «ወላሂ አያፍርም» አለች። አደ ኩልሱም መዳፋቸውን ዘረጉና፣ ቁርጥ የባላቸውን ድምፅ አውጥተው፣

«መጽሔቱ ይቅደም» አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። አሥራ ሰባት ዓመት አልሰጥም ያልኩትን በአንድ ደቂቃ ሰጠሁ። ላስቲኩን ፈትተው ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገጽ በገጽ ፈተሹት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡና ነው። ተደፍቶበት።»

«የሊሙ ነው?»

«የሊሙ ነው።»

«እሺ» አሉና ከትራሳቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮውን አወጡ።

«ለሐጂራ የሰጡት መስሎኝ ነፍሴ ወጥታ ነበር።»

«እሱ ራሱ ነው ያዘዘኝ። መጽሔቶቹን ለሐጂራ ስጪ፣ መጨረሻ የሌለው መጽሔት የሚሆነው ለለውዝ ነው፣ ቆርቆሮውን ግን ሌባው ሳይመጣ እንዳትከፍቺ አለኝ።»

«እንደምመጣ በምን አወቁ?»

«ምን እሱ አወቀ? ሲጠብቅ ነው የኖረው።»

ክዳኑን ከፈቱት። የስንቱ ሠርግና የስንቱ ሞት እዚያ ውስጥ ተጠቅጥቋል። ከላይ፣ ጥጉ ላይ «ኡመይር፣ ሌባው» ተብሎ የተጻፈበት ገጽ ነበረ። ከቆርቆሮው አወጣሁት። አነበብኩ።

«ደብዳቤ ነበር። ከሹፌሩ ከአጵሎስ ነው። ሶልያና ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብላ ማንበብ ጀመረች። የደብዳቤውን ቃል በሚቀጥለው እትም ይጠብቁን።»

ከሥሩ የሳሙና ማስታወቂያ ነው።

ቀና አልኩ። ለዚህ ነው ሰቃ የቀረሁት? ለዚህ ነው ሰውዬውን ሳልሰናበት የቀረሁት?

«የሚቀጥለው አልመጣም» አሉ አደ ኩልሱም። «መጽሔቱ ተዘጋ። ቲጃኒ ሦስት ወር መናኸሪያ ሲመላለስ ከረመ። እምቢ ሲለው ራሱ ጻፈው። ገልብጠው።»

ከጀርባው የደብተር ቅጠል በስቴፕል ተያይዟል። የእሳቸው የዶሮ ጭረት የመሰለ ጽሑፍ ነው።

«አጵሎስ አግብቶ ቦንጋ አራት ልጅ ወልዷል፤ ደብዳቤው ይህንን ይላል። ሶልያና አለቀሰችና ጅማ መጣች። እዚያ ከአንድ ቅን ሰው መጽሔት እየተከራየች አነበበች። ሰውዬው ባለትዳር ስለሆነ ሌላ ነገር አልተፈጠረም። በዚያው ዓመት ኡመይር የሚባል ሌባ መጽሔት ሰርቆ ወደ ሊሙ ሲሸሽ ቡና የጫነ አይሱዙ ጨፍልቆት ሞተ።»

«ጨፍልቆት ሞተ» የሚለው በጥቁር እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከላዩ «ገጭቶት እግሩ ተሰበረ» ይላል። እሱም በቀይ ተሰርዟል። «የአይሱዙው ጎማ ፈነዳ እንጂ እሱን አልነካውም፣ እናቱም በቅርቡ ስለሞተችበት ይበቃዋል» ይላል። እናቴ በሞተች ሰሞን በሹፌር በኩል አንድ ኪሎ ስኳር ልከውልኝ ነበር። ከማን እንደሆነ ሹፌሩ አልነገረኝም፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም። ቀዩም ተሰርዟል። ከሁሉ በላይ፣ ክፍት ቦታ ፍለጋ ወደ ጥግ በተንጋደደ፣ በሚንቀጠቀጥ እርሳስ፦

«መጽሔቱን ይዞ መጣ። ቆሞ አነበበ። ሻይ ታዘዘለት።»

«ምን ሆንክ?» አሉኝ አደ ኩልሱም።

«የለውዝ ልጣጭ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።»

«ተቀምጠህ ነው ያነበብከው። ተነስ፣ ቆመህ አንብብ። ሩፈይዳ፣ ሻዩን አምጪለት፤ ታዞለታል።»

ቆሜ እንደገና አነበብኩ። ሻዩን ስጠጣ አደ ኩልሱም መጽሔቱን አንስተው ለሩፈይዳ ሰጧት፤ «ተራው የሸኩር ነው» አሉ። ገጹን ግን ከእጄ አልተቀበሉኝም። ቆርቆሮውን ክዳኑን ገጥመው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እዚህ ቦታ ይዞብኛል» አሉ፤ ትራሳቸው ሥር ነበር የሚቀመጠው።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ሸኩር መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ባጃጅ ነጂው በትከሻው በኩል ተንጠራርቶ «ቀና አድርገው፣ ጥላህ ሸፈነብኝ» ይለዋል። የሱ ስልክ ወንበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ አላነሳውም። ሌሎች ሁለት ሰዎችም «ሶልያና ማን ናት?» እያሉ ወንበራቸውን ጎትተው ተጠጉ። እኔ ገጹን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ለውዝ እየፈለፈልኩ ጠበቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ለዓስር ሶላት አዛን ሊል ሲል ሸኩር ብድግ ብሎ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ኡመይር፣ ወላሂ እገድልሃለሁ። ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

እጄን ዘረጋሁ።

«መጽሔቱ ይቅደም» አልኩት።

ሊሰጠኝ ሞከረ፤ ባጃጅ ነጂው ግን ገና ስላልጨረሰ በሌላኛው ጫፍ ይዞ አልለቅም አለ።