ወንፊት እና ዝሆን

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል። በነፃ ለሕዝብ የተለቀቁ የኮምፒውተር ኮዶችን፣ ድርጅቱ ከመጠቀሙ በፊት የምትመረምረው እሷ ናት፤ ጉድፍ ካየች ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል አታሳልፍም። ስሙን ስለወደደችው ኢንተርኔት ላይም የምትጽፈው በዚሁ ነው።

አንድ ቀን አለቃዋ ፎቶ የሚያሳንስ ኮድ አምጥቶ፣ «ሁሉም የሚያመሰግነው ነው፤ ቶሎ በይ» አላት። እውነትም ያማረ ነበር። ግን ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን የሚሮጡበት ቦታ ላይ ዓይኗ ተተከለ። አንደኛው «ጨርሻለሁ» ብሎ ሜሞሪውን ይለቃል፤ ሌላው እዚያው ሜሞሪ ላይ ያለውን ፎቶ ገና እያነበበ ነው። የተቀመጠ ሰው ሥር ወንበር እንደ መሳብ!

የኮዱ ባለቤት ራሱን «ዝሆን» ብሎ ይጠራል። ጻፈችለት፦ «ወንድሜ፣ ኮድህ ሥራ መሃል ይወድቃል።»

«ስማ ወንድሜ» ብሎ መለሰ ዝሆን፣ «የእኔ ኮድ ወድቆ አያውቅም። አንተ እጅ ላይ ከወደቀ እጅህን ታጠብ።»

ደሟ ፈላ። ኮዱን የሚጥል መፈተኛ ሠርታ ላከችለት። እሷ ጋ በተሞከረ ቁጥር ይወድቃል፤ ዝሆን ጋ ወይ ፍንክች! ውሸታም ሊባባሉ ትንሽ ሲቀራቸው ዝሆን የስልክ ቁጥሩን ላከ፦ «ወንድ ከሆንክ ደውል!»

ደወለች። ያነሱት እናቷን የሚያክሉ ሴትዮ ናቸው።

«ይቅርታ እማማ፣ ዝሆን አለ?»

«ማን ልበል?»

«ወንፊት ነኝ።»

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሱ። «አንቺ ነሽ እንዴ ወንድሜ!»

ወንፊት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ይቅር ይበሉኝ፤ አንተ እያልኩ...»

«ተይው፤ እኔስ ወንድ ከሆንክ ብዬ የለ? ይልቅ ለምንድነው እኔ ጋ የማይወድቀው?»

«ኮምፒውተርዎ ምን ዓይነት ነው?»

«አሮጌ። ከእኔ ጋር አብሮ ጡረታ የወጣ።»

ያን ጊዜ ገባት። አሮጌው ኮምፒውተር ሁለቱን ሥራዎች እያፈራረቀ እንጂ እኩል ማስሮጥ አይችልም፤ ስለዚህ የመጋጨት ዕድላቸው እምብዛም ነው። ሴትዮዋ የምራታቸውን አዲስ ላፕቶፕ ተውሰው መፈተኛውን አስነሱት።

«ወደቀ! ወደቀ!» ብለው በደስታ ጮኹ።

ምራትየው ከጓዳ እየሮጠች ስትመጣ በስልኩ ተሰማ፤ «ማነው የወደቀው? ተጎዱ እንዴ?»

በማግስቱ እርማቱ መጣ። አሁን ደግሞ መውደቁ ቀርቶ መንቀሳቀስም አቃተው፦ እንዳይጋጩ ሜሞሪው በሁለት ቁልፎች ተቆልፏል፤ ሁለቱ ሥራዎች ግን አንዱ ሌላው የሚፈልገውን ቁልፍ ይዞ ተፋጠዋል።

«ቁልፎቹን ሁለቱም በአንድ ቅደም ተከተል ይያዙ» አለች ወንፊት።

«አይ አንቺ! አማት ብትሆኚ ምራት አይበረክትልሽም» አሉ ሴትዮዋ፤ ግን አስተካከሉት። ቀኑን ሙሉ ፈተነችው፤ መውደቅም መቆምም የለም። አሳለፈችው።

አለቃዋ እፎይ ብሎ ሳይጨርስ ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ፣ ሌላም ኮድ አለኝ። ያኛው ከዚህ ይብሳል።»

«ይላኩት!» አለች ወንፊት፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች።