የወርቂቱ አልቅት

ኦቾሎ በምትባለው የደጋ መንደር ውስጥ እንደ ወርቂቱ የምትፈትል ሴት አልነበረችም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ ውሸት ግን አይደለም። ሸማኔ የእሷን ፈትል ሲዘረጋ አንድም ቦታ አይበጠስበትም ነበር። ባሏ ሞቶ ከደጋ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርድ እንዝርቷን፣ አንድ ልጇንና ኩራቷን ይዛ ነው። ልጇ ዳልጮ ግን የአባቱን ሽመና ትቶ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ለወርቂቱ ዓሣ የሚነካ ሰው ቆላ ወርዶ የተዋረደ ሰው ነው። ያን ጊዜ ተናዳ፣ «ሸማ ትቶ ቅርፊት የሚፍቅ እጅ ይቆረጥ!» አለች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣና ዳልጮን ወደ ሰሜን ወሰዱት። ሲመለስ ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች አልነበረም።

መመለሱንስ ተመለሰ፤ ሰው ግን አልሆነም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። የእጅጌውን ጫፍ ቋጥሮ ክንዱን ከእናቱም ከፀሐይም ደብቆታል። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር መረቡን ሁለት እጅ ላለው ሰጠበት። የቀረበለት ምግብ እንደቀረበ ይመለሳል። ሳይበላ ወደ ግድግዳ የዞረ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ወርቂቱ ታውቃለች፤ ባሏም የሄደው እንዲሁ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ዘርፈሽ መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«የዳልጮ እናት፣ አትቀየሚኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌ ጠርተሽ እርግማንሽን አንሺለት።»

«የእኔ አፍ ነው እጁን የቆረጠው?»

«ሰው እንዲያ ይላል።»

«አፌ መድፍ ከሆነማ መንግሥት ምን አስቀመጠኝ? ለምን አያዘምተኝም!»

ዘርፈሽ ደንግጣ ወደ ቀበሌው በኩል ዞር ብላ አየች። «ኧረ ቀስ በይ፣ ታስፈጂናለሽ!»

«እንግዲያው ወሬሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ።»

ሸኝታት ተመለሰች። ሽማግሌ አልጠራችም። ከልጇ አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ መንጠቆና የናይለን ክር ያለበትን ቆርቆሮ ሳበች።

ዳልጮ ከመዝመቱ በፊት የራሱ ዘዴ ነበረው። ነጭ ዓሣ የሚሉት ትልቁ ዓሣ ሐይቁ ዳር የሚዋኝ አልቅት ሲከተል አይቷል። እውነተኛ አልቅት መንጠቆ ላይ አይበረክትም፤ ስለዚህ ከጥቁር በግ ፀጉር አልቅት የሚመስል ነገር መንጠቆ ላይ ያስራል። ባልንጀሮቹ ይስቁበት ነበር፤ እስኪይዝ ድረስ።

ወርቂቱም ጥቁር የበግ ፀጉር ፈልጋ አምጥታ ባዘተች፣ በእንዝርት አከረረች፣ መንጠቆው ላይ ጠመጠመች። ጨርሳ ከልጇ ራስጌ አስቀመጠችው።

«ይኸው።»

ዳልጮ በግራ እጁ አነሳት። «ምንድን ናት?»

«አልቅት ናታ። ዓይን የለህም?»

«ይቺ ሚስማር ናት። ምን ያህል ነው ያከረርሻት?»

«እኔ የፈተልኩት አይላላም።»

«ለዚህ ነዋ የሞተችው። አልቅት ውኃ ውስጥ ትለጠጣለች፣ ትሰበሰባለች። ዓሣ ጋቢ አይለብስም፣ እማ።»

ከተመለሰ ወዲህ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ወርቂቱ ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር፤ አሁን ግን ዋጠችውና ፈታ እንደገና ሠራች። እጇ ልማዱን አልተወም፤ ሁለተኛዋም ከረረች።

«መፍተል የማትችል ሴት ሆነሽ ሥሪያት» አላት።

ከዚህ የከፋ ስድብ ሰምታ አታውቅም። እንዝርቱን ወዲያ አስቀመጠች። ፀጉሩን በጣቷ ብቻ፣ ገና ፈትል እንደምትለማመድ ልጅ፣ ወፍራምና ቀጭን፣ ብትንትን አድርጋ አሰረችው። ጅራቷንም ሳትቋጥር ለቀቀችው። ዳልጮ ውኃ ያለበት ገበቴ ውስጥ ነክሮ ሳብ፣ ለቀቅ አደረጋት። ጥቁሯ ነገር ተለጠጠች፤ ተሰበሰበች።

«ተነፈሰች» አለ። ተነስቶም ተቀመጠ።

በማግስቱ የድሮ ባልንጀራው ኦይታ በጀልባው ወሰዳቸው።

«እማማ ወርቂቱ! ምነው፣ ደጋው ተናደ እንዴ ሐይቅ የወረዱት?»

«አፍህን ትተህ ቅዘፍ።»

ዳልጮ በግራ እጁ ወረወረ። እስክትሰጥም ጠበቀ፤ ሳብ አደረገ። ቀጥሎ ግን የሳበውን የሚይዝበት እጅ አጣ። ክሩን በጥርሱ ነከሰ፤ አመለጠው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ አመለጠው።

«በቃ፣ እንመለስ» አለ። ያ ወደ ግድግዳ የሚዞረው ፊቱ ተመልሶ መጣ።

«ክንድህን አምጣ» አለች ወርቂቱ።

«ምን?»

«አምጣ አልኩህ። ክሩን አስርበታለሁ።»

ኦይታ ዓይኑን ወደ ውኃው መለሰ። ዳልጮ የእጅጌውን ቋጠሮ በጥርሱ ፈታ። ወርቂቱ የልጇን ክንድ ገና አሁን አየችው። የተሰፋበት ቆዳ ተኮማትሮ እንደ ከረጢት አፍ ተቋጥሯል። የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ጠቀለለችለት፤ በላዩ ክሩን አሰረች።

«አመመህ?»

«አጥብቂ። እዚህ ላይ አጥብቂ።»

አጠበቀች። «ያኔ ያልኩት ነገር…» ብላ ጀመረች።

«እማ፣ ክሩን ሰብስቢ።»

በክንዱ ይስባል፤ እሷ ከኋላው ትሰበስባለች። ሲስብ ትሰበስባለች፣ ሲያቆም ታቆማለች። ድንገት ክሩ ተገተረ፤ ጀልባው አዘነበለ።

«ትልቅ ነው! ይዞህ ይገባል፣ ቁረጠው!» አለ ኦይታ።

ዳልጮ እግሩን ጀልባው ጠርዝ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ወርቂቱ ወገቡን አቀፈችው። ውኃው ውስጥ ሰፊ ነጭ ጎን ብልጭ አለ። ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰና እናትና ልጅ ጀልባው ወለል ላይ ወደቁ።

ዳልጮ ባዶውን ክር አየ። አሁን ይዞራል፣ አለች ወርቂቱ በልቧ፤ አሁን ወደ ግድግዳው ይዞርብኛል።

«የሌባ ልጅ!» ብሎ ዓሣውን ሰደበው። ደረቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። «ጎኑን አየሽው? የሚቀጥለዋን አልቅት ጅራቷን አሳጥሪያት፣ እማ። ከኋላ ነው የያዛት። ኦይታ፣ አንተ ደግሞ ወደ ዳሩ ሣር ጠጋ አድርገን። ምን ታፈጣለህ?»

ኦይታ መቅዘፊያውን አነሳ። ወርቂቱ ተነስታ ተቀመጠች፤ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከመቀነቷ ጥቁር ፀጉር አወጣች።

«መንጠቆ አምጣ» አለችው።