ለእሷ ታስቦ የቀረ ጉዞ

ከብዙ ዓመት በፊት የድርጅታችንን ሥራ አስኪያጅና ምክትላቸውን ከኋላ አስቀምጬ ስነዳ የሰማሁት ወሬ አለ። አለቆች ሾፌር ጆሮ ያለው አይመስላቸውም። ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ ብቻ ምክትሉ ለአዲሱ ፋብሪካ ማሽን ተከላ የጥገናዋን መሐንዲስ ሲያነሱ፣ ሥራ አስኪያጁ "ተዋት፣ አራስ ናት፣ አናንገላታት" ያሉ መሰለኝ። እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው ብዬ በሆዴ መረቅኋቸው።

ደግነታቸውን ዛሬም አልክድም። ግን ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ገመድ የምናመርትበት ፋብሪካ በተከፈተ ቁጥር ለተከላ የሚላከው ሌላ ሰው ሆነ። እሷ ሥራ ያስለመደቻቸው ሄደው ሲመለሱ አለቃዋ እየሆኑ ቁጭ አሉ። ዘንድሮ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ተወዳደረች። ተከላ መርታ አታውቅምና አታሟላም ተባለች። ቦታው ለሌላ ሊሰጥ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ብቻ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ሥራ አስኪያጁንና መሐንዲሷን ለአንድ ፋብሪካችን ጉብኝት ይዣቸው ወጣሁ። እሷ ጋቢና ከጎኔ ናት። ሥራ አስኪያጁ ሊያጽናኗት ፈልገው፣ ተከላ አድካሚ እንደሆነ፣ ለልጅ እናት እንደማይመች ለስለስ አድርገው አወሩላት። ዞር አለችና፣

"ጋሼ፣ ልጄ እኮ ጺሙን መላጨት ጀምሯል" አለቻቸው።

ሳቄን ዋጥ አደረግሁት። እሳቸው ግን ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

"አስበውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ያኔም ቢሆን እናቴ ልጁን ልትይዝልኝ ቤቴ ነበረች። ባለቤቴም ከጠየቁሽ ሂጂ ብሎኝ ነበር።"

"እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ..." አሉ።

ፈጣሪዬ ሆይ፣ ልባቸውንስ ደግ አድርገህ ፈጥረሃል፣ ጆሮም ጨምርላቸው አልኩ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ።

ቀጥለውም ሹመቱ ብዙ መቆየት እንደማይችል፣ ሌሎቹም እንደሚያጉረመርሙ ነገሯት። እሷም ቦታውን በስጦታ እንደማትፈልግ፣ የሚቀጥለውን ተከላ ከመራች በኋላ እኩል እንድትወዳደር ብቻ እንደምትጠይቅ መለሰች። ብዙ ተከራከሯት፤ አልተቆጣችም፣ አልለቀቀችምም። የፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ግን ፊርማቸውን ሊያቆዩ፣ ተከላውንም ለእሷ ሊሰጡ ተስማሙ።