ስሟ ያልዞረ መኪና

ሚክዳድ ቀይዋን ባለ ሁለት በር መኪናውን በሸጠ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የአምስት ዓመት ልጁ ፋርሂያ «ባባ መጣ» ብላ ከምሳ ላይ ተነስታ ሮጠች። ባባ ግን ከጎኗ ተቀምጦ እየበላ ነበር።

ሚስቱ ኑርሀን ሳቀች። «አንቺ፣ አባትሽ እኮ እዚህ ነው። ሥጋውን ማን እየጨረሰብሽ መሰለሽ?»

ፋርሂያ አልሰማቻትም። የግቢው የብረት በር መቀርቀሪያ ሲሳብ ተሰማ። ሚክዳድ እጁን ሳይታጠብ ተከትሏት ወጣ። እሑድ ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ሱቋን ዘግታ፣ መጋረጃዋን ጥላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች። መንገዱ ላይ ሰው ቀርቶ ፍየል እንኳ አልነበረም። ልጅቷ መሀል መንገዱ ላይ ቆማ አንድ እጇን ዘርግታ አየር ላይ አሳርፋዋለች። እጇ ያረፈበት ከፍታ ለሚክዳድ እንግዳ አልነበረም። የቀይዋ መኪና የመስኮት ጠርዝ ልክ እዚያ ድረስ ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ሄደ» አለች እጇን እያወረደች። «አንተ ስትወጣ ሄደ።»

ቀይዋን መኪና ሚክዳድ ዘጠኝ ዓመት ነድቷታል። ከኑርሀንም በፊት ነበረች። ሞተሯን በገዛ እጁ ሦስት ጊዜ አውርዶ ገጥሟል፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን እንደገና ያሠራው ድምጿ ወፍራምና ጥርት ያለ እንዲሆን ብሎ ነው። የማሽን ጥገና ከሚሠራበት የኢንዱስትሪ ፓርክ ለምሳ ሲመጣ፣ የደቻቱን ድልድይ እንደተሻገረ ማርሽ ይቀንሳል። ያን ድምፅ ሰምታ ኑርሀን ምሳ ታቀርባለች፤ ያን ድምፅ ሰምታ ፋርሂያ በር ትከፍታለች። በር መክፈት የእሷ ሥራ ነው፤ ማንም አይነካባትም።

የተሸጠችው በሚመጣው ልጅ ምክንያት ነው። ኑርሀን ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች፣ አንድ ቀን ከመኪናዋ ዝቅተኛ ወንበር ልትነሳ አንድ እግሯን አውጥታ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች። አልተቆጣችም። እዚያው እንዳለች ቀና ብላ አየችውና «ሁለተኛውን የት ልታስቀምጠው ነው? ኮፈኑ ላይ?» አለችው።

ደላላው ገዲ ባለ አራት በሯን የኤሌክትሪክ መኪና ያመጣለት በዚያው ሳምንት ነው። «አቦ፣ ይቺ የቤተሰብ መኪና መስላ የተቀመጠች ሰይጣን ናት» አለው። «ሴትዮዋን ከነልጆቿ ከኋላ አመቻችተህ ታስቀምጣለህ፣ እግርህን ስታሳርፍባት ግን የሁርሶን መንገድ ትጠቀልለዋለች።» እውነቱን ነበር። ከቀይዋ ትፈጥናለች። ብቻ ድምፅ የላትም። ስትመጣም ስትሄድም አትሰማም።

ጥፋቱ የተሠራው በአሮጌዋ ሽያጭ ላይ ነው። ሚክዳድ በየሻይ ቤቱ የውክልና ሽያጭን ሲራገም የኖረ ሰው ነው። «ይህ መሸጥ አይደለም፣ መደበቅ ነው» ይል ነበር ጠረጴዛ እየመታ። «ሻጩ ብሩን ይዞ ሄዷል፣ ሊብሬው ላይ ግን ባለቤቱ እሱ ነው። ገዢው ይነዳታል፣ ግን የእሱ አይደለችም። ነገ ሰው ብትገጭ የማን በር ነው የሚንኳኳው? ያልተማረ ቢያደርገው አላወቀም እላለሁ። የተማረ ሲያደርገው ግን ፈሪ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።» የጅግጅጋው ነጋዴ ሰማታር ቀይዋን ሊገዛ የመጣ ቀን ታዲያ «ለጊዜው በውክልና ይሁን፣ ስሙን በኋላ እናዞራለን» ያለው ራሱ ሚክዳድ ነው። ለኑርሀን «ጊዜ አልነበረኝም» አላት። ጊዜማ ነበረው። ስሙ ከሊብሬው ላይ ሲሰረዝ ማየት አልቻለም።

ሰኞ ለምሳ ሲመጣ ወደ ሰፈሩ እንደታጠፈ፣ ፋርሂያን ጀርባዋን ሰጥታው መንገዱ መሀል ቆማ አያት። ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን አየር ላይ አስደግፋ እያወራች ነው። አዲሷ መኪና ያለ ኮሽታ ወደ እሷ ተንሸራተተች። ፍሬኑን ረግጦ ሲቆም በመኪናዋ አፍንጫና በልጅቷ ቀሚስ መካከል አንድ እርምጃ ቀርቶ ነበር። ልጅቷ አልዞረችም። የሌለችውን መኪና እየሰማች ያለችውን አልሰማችም።

በዚያው ቀን በሩ ላይ ጓጉንቸር ገባ።

«እኔም እሰማታለሁ» አለችው ኑርሀን፣ ከምሳ በኋላ ጎን ለጎን ጋደም እንዳሉ። «ከሸጥካት ማግሥት ጀምሮ። ድልድዩ ጋ ማርሽ ስትቀንስ እሰማና ምሳ አቀርባለሁ። አትመጣም። ምግቡ ሲቀዘቅዝ አንተ እንደ ሌባ ሳትሰማ ትገባለህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርጉዝ ነሽ፣ መስሎሽ ነው ትለኛለህ ብዬ ነዋ።»

እንደዚያ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ከተቆለፈው በር ጀርባ ቆመ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከድልድዩ በኩል ሰማት። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ ሰፈራቸው ስትታጠፍ የምታሰማው ጉርምርምታ። መጥታ በሩ ፊት ቆመች። ቤንዚኑ ሁለት ጊዜ ተረገጠ፤ አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ተደርጎ። ሚክዳድ አረጋገጡን አወቀው። የራሱ እግር ነው። ፈራ፤ ደግሞም፣ ይህን ለማንም አልተናገረም፣ ደስ አለው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የናፈቀውን ድምፅ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

ፋርሂያ መሬት ላይ በደረቷ ተኝታ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ታያለች።

«ማን ነው ውስጧ ያለው?» አላት።

«ባባ። መሪውን ይዞ እየሳቀ ነው።»

«እኔስ ማነኝ ታዲያ?»

ቀና ብላ አየችው። አሰበችበት። «አንተም ባባ ነህ። የዝምተኛዋ ባባ።» መልሳ ጉንጯን መሬት ላይ አደረገች። «ነገ ይወስደኛል። ከፊት ነው የምትቀመጪው ብሎኛል። ጓጉንቸሩ አያቅተኝም አለ።»

ሚክዳድም ተንበርክኮ በክፍተቱ አየ። አቧራና ፀሐይ ብቻ ነበር። የጎማ ዱካ እንኳ የለም። የጋለ ሞተር ወላፈንና የቤንዚን ሽታ ግን ፊቱን መታው፤ በዚህ ቤት ደግሞ ቤንዚን ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ደስታው እዚያው ላይ ሞተ። ልጅቷን ከመሬት አንስቶ ወደ ቤት አስገባትና ስልኩን አነሳ።

«ወላሂ እኔ ልደውልልህ ነበር» አለ ሰማታር ከጅግጅጋ። «አዲስ ጎማ እስኪመጣልኝ አራቱንም ጎማ ፈትቼ ድንጋይ ላይ አስቀምጫታለሁ። መጋዘኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ከሰዓት ስገባ ግን ሞተሯ እጅ ያቃጥላል። ኪሎ ሜትሯም ይጨምራል። በቀን አሥራ ሦስት። አይበዛም፣ አያንስም። አሥራ ሦስት ምንድን ነው?»

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ እስከ ሚክዳድ ደጃፍ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። አልነገረውም።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ሰማታር። «ጂኒ ከሆነ የራሱ ጉዳይ ነው፣ እኔ ጂኒ አልፈራም። ግን ይቺ መኪና የእኔ አይደለችም። ወረቀቷ ያንተን ስም ይላል፤ እሷም ወረቀቷን አምና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ወይ ስሟን አዙርልኝ፣ ወይ ብሬን መልስልኝ።»

«ነገ ጠዋት ድሬ ና» አለው ሚክዳድ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምረው የመኪና ስም በሚዞርበት ቢሮ ወረፋ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ የሚክዳድን ፊርማ ተቀብሎ ከአሮጌው ፋይል ጎን አስቀመጠው።

«አይመሳሰልም።»

«የእኔ እኮ ነው።»

«ያንተ ነው። ይሄኛውም ያንተ ነው። ግን አይመሳሰሉም። የገዛው ሰውዬ ነው መሸጥ ያለበት። ድገመው።»

ደገመው። አልተመሳሰለም። በፋይሉ ላይ ባለው ፊርማ የመጨረሻው ፊደል ጭራ ረዝሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዛሬው ሚክዳድ የሚፈርመው አጭርና ጎባጣ ነው። ሦስተኛውም ሲመለስበት ሚክዳድ ገነፈለ። ስለ ወረፋው፣ ስለ ፋይሉ፣ ሰውን ከገዛ ወረቀቱ ጋር ስለሚያጣላው አሠራር ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ወረፋ የያዙት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቀና ሌላ ወረቀት አቀረበለት።

«ጨረስክ? እንግዲህ ፈርም። እኔም ምሳ አለኝ።»

ስልኩ ጮኸ። ኑርሀን ነች። «ድልድዩ ጋ ደርሳለች» አለች፤ ድምጿ ቀጥኗል። «ሚክዳድ፣ ማንም ሳይነካው ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ወደቀ። ልጅቷን ይዣታለሁ፣ ግን ትታገለኛለች። ሆዴን እየረገጠችኝ ነው። ብዙ አልይዛትም።» ከበስተጀርባዋ ሞተሩ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ሰማ፤ ፋርሂያም «ልቀቂኝ፣ ከፊት ነው የምቀመጠው» ስትል ሰማ።

ሚክዳድ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ቀይዋን መኪና የገዛበትን ቀን አሰበ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በየትኛውም ቤት ምሳ አቅርቦ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፤ በር የሚከፍትለትም። ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ነድቶ፣ ያለ ምክንያት ሲስቅ የዋለ ሰው ነበር። ያን ሰውዬ አገኘውና እጁን ለቀቀለት። ብዕሩ ሮጠ፤ የመጨረሻው ፊደል ጭራ ወደ ላይ ወጣ።

ሽማግሌው ሁለቱን ፊርማዎች አስተያየ። «አየህ» አለ ማኅተሙን እያሳረፈ፣ «እሱ ራሱ መጣ።»

በስልኩ ውስጥ ሞተሩ ዝም አለ። እየራቀ አልሄደም። ቁልፍ እንደተዘጋበት እዚያው በሩ ፊት ዝም አለ። 

«ቆመ» አለች ኑርሀን።

ቤት ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር፤ በር የከፈተለት ሰው ግን አልነበረም። ኑርሀን አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። «ደህና ነው፣ እየተንቀሳቀሰ ነው» አለችው ሳይጠይቃት። ከዚያ በአገጯ ወደ ሳሎን አመለከተችው።

ፋርሂያ ምንጣፉ ላይ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ሚክዳድ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ፋርሂያዬ፣ መጣሁ።»

ፊቱን፣ ከዚያ የፈረመበትን እጁን፣ ከዚያ መልሳ ፊቱን አየችው። ለእንግዳ እንደሚደረገው ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና ትራሱን አስተካከለች።

«ባባ የለም» አለችው። «ቁጭ በልና ጠብቀው።»