ታይመሩ ሳይጮህ የተሰጠ ቃል

በሬን ዘግቼ ነበር፤ አልክድም። ታይመሬን ለአንድ ሰዓት ተኩል እሞላለሁ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ፣ እስኪጮህ ድረስ ለማንም አልመልስም። ሥራዬ ሰዎች የቀዱትን ቃለ መጠይቅ እየሰሙ መጻፍ ነው። አንዲት ቃል ካመለጠችኝ ወደ ኋላ መልሼ እንደገና መስማት አለብኝ። ሲግናል ሰፈር ውስጥ፣ ከኋላው ብየዳ ቤት፣ ከፊቱ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ባለበት ቤት፣ ያለ ታይመር እንዴት እንደሚሠራ እስቲ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ቤተሰቤ ሕጉን ያውቃል። አባቴ ከማለዲን ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቃል፤ ያቺን እንቁላል የምታክል ቀይ ታይመር ከመገናኛ ገዝቶ ያመጣልኝ ራሱ ነው። «መብሩካ ሥራ ላይ ናት፣ ሰዓቷ አልጮኸም» እያለ ስንቱን ጎረቤት ከበር መልሶልኛል።

እሁድ ከሰዓት ታይመሬ ሲጮህ ማዳመጫዬን አውልቄ ወጣሁ። ሳሎኑ እንግዳ ተስተናግዶበት ነበር፤ የተበላበት ሳህን፣ ግማሽ የቀረ ሻይ፣ የቴምር ፍሬ። እናቴ ነጅማ እንዳየችኝ አቅፋ ሳመችኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ።»

«በምኑ?»

ለካ ከካራ ሰፈር ሽማግሌ ተልኮብኝ ኖሯል። ለአብራር፣ ለአባቴ ጓደኛ ልጅ። ልጁን አንድ ሰርግ ላይ አይቼዋለሁ፤ ምንም አላለኝም፣ ምንም አላልኩትም። ሽማግሌዎቹ «ልጅቷ ትጠየቅ» ብለዋል፣ አላህ ይስጣቸው። አባቴ ተነስቶ በሬን አንኳኳና «መብሩካ፣ የአብራር ቤተሰቦች ናቸው፤ እሺ እንበላቸው?» አለ። እኔ ያን ጊዜ የአንድ ጡረተኛ ሹፌር የመንገድ ታሪክ ጆሮዬን ሞልቶታል። ምን ልስማ? አባቴ ወደ እንግዶቹ ተመልሶ «ዝም አለች» አላቸው። እኛ ዘንድ አይነ አፋር ልጅ ተጠይቃ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። ቃል ተሰጠ፣ ቃሉን ለማጽናት ፋቲሓ ተቀራ፣ ቴምር ተበላ፣ ሄዱ።

ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አልሰማሁህም።»

«አንኳኩቻለሁ።»

«ታይመር ላይ ስሆን ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንደማልመልስ ታውቃለህ።»

«ባትፈልጊ ትወጪ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሎ።

ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ወንፊት ልትዋስ የመጣችን ጎረቤት «ሰዓቷ እስኪጮህ ጠብቂ» የሚል ሰው፣ ለዕድሜ ልኬ ጉዳይ ትንሽ መጠበቅ አቃተው? ሽማግሌ እንደሆነ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። አላስጠበቃቸውም፤ ቢያስጠብቃቸው ወጥቼ እምቢ እንደምል ያውቃላ።

«ኒካሑ የሚታሰረውስ መቼ ነው?» አልኳት እናቴን።

«ከፊታችን ጁምዓ ቀጥሎ ባለው ጁምዓ» አለች ቀስ ብላ። «አባትሽን በሰው ፊት አታዋርጂው።»

እኔንስ? እኔን ማን አዋረደኝ? የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ የምኖረው እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።

ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ የየካ ሚካኤልን ዳገት ተያያዝኩት። ዳገቱ አለቀ፣ ንዴቴ አላለቀም። ተመለስኩ።

አባቴ ያው ሶፋው ላይ ነው፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«አሁን ማዳመጫ የለም፣ የተዘጋ በር የለም፣ ታይመርም የለም። በደንብ ስማኝ። እኔ አብራርን አላገባም። ሽማግሌዎቹን ይዘው ለመጡት ለሐጂ በሽር ልደውልና ልጅቷ ሳትሰማ ነው ቃል የተሰጠው ልበላቸው?»

አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እናቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ጢሙን ዳበሰ፣ ወለሉን አየ። እምቢ ማለት አያውቅም እንዳልል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሲለኝ የኖረው እሱን ነው። ጠበቅኩት። እሱ እኔን ከጠበቀኝ በላይ ጠበቅኩት።

«ዝም አለ» አልኳት እናቴን፤ ስልኩን አንስቼ ደወልኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ። መብሩካ ነኝ፣ የከማለዲን ልጅ። ዛሬ ለጠየቃችሁኝ መልሱን ልሰጥዎት ነው።»