ዑባህ ያሳደገቻት ዴሮ

ከጅግጅጋ ወደ ደገሀቡር በሚወስደው መንገድ ዳር ፍየል የምታረባው ዑባህ ሙያዋን የምትደብቅ ሴት አልነበረችም። «ልጇ የሞተባትን ፍየል ከእንግዳ ግልገል ጋር በማላመድ የሚስተካከለኝ የለም» ትላለች፤ ደፍሮ የሚከራከራትም የለም።

ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. በአቅራቢያው ካምፕ የሚኖረው ወታደር መርሻ የሜዳ ፍየል ግልገል በጃኬቱ ጠቅልሎ ሲመጣባት አልደነቃትም። እናቷን መኪና ገጭቶባት ነው፤ የሜዳ ፍየልን የአገሩ ሰው ዴሮ ይላታል። መርሻ ሁለት ቀን በጡጦ የላም ወተት ሲግታት ተቅማጥ ይዟት አንገቷን ማቅናት አቅቷታል።

«እማማ ዑባህ፣ ይድረሱልኝ፤ በእጄ ልትሞትብኝ ነው።»

«አንተማ መግደሉን ጀምረኸዋል» አለችና ተቀበለችው።

የአንዷ ፍየሏ ግልገል የሞተው ያን ዕለት ጠዋት ነበር። ቆዳውን ገፍፋ ዴሮዋን እንደ ልብስ አለበሰቻትና ከፍየሏ ጡት ሥር አስጠጋቻት። ፍየሏ ዞራ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች፣ ከዚያ ዝም ብላ አጠባች። የመርሻ ዓይን እንባ አቀረረ። ዑባህ ግን ሌላ ምን ጠብቀህ ነበር በሚል ዓይን አየችው።

በሦስተኛው ቀን የዱር እንስሳት ባለሙያው ናሁሰናይ ወሬውን ሰምቶ መጣ። «ማትረፍዎ ጥሩ ነው» አላት። «ሰው ከለመደች ግን አለቀላት። ሜዳ ብትመለስ መጀመሪያ ያገኛት ሰው ያርዳታል።»

ዑባህ ተቆጣች፤ ሙያዋን የነካባት መሰላት። ነገሩ ግን ከልቧ አልወጣም። በማግስቱ ለፍየሏና ለዴሮዋ ለብቻቸው የእሾህ አጥር አጠረች። ስም አላወጣችላትም፤ የሰፈሩን ልጆች እንዳይጠጓት አስጠነቀቀች። ዴሮዋ እየዘለለች ስትጠጋት ታጨበጭባለች፣ ትጮኻለች፣ ጠጠር ትወረውራለች። ከወረወረች በኋላ ግን ጠጠሩ እንዳላገኛት አጮልቃ ታያለች።

«አንዴ ብቻ ልዳብሳት?» ይላል መርሻ።

«ከነካሃት ጠጠሩ ላንተ ነው!»

በስምንተኛው ወር ዝናቡ ጥሎ ሜዳው ሲያቆጠቁጥ የዴሮ መንጋ ታየ። ዑባህ ፍየሎቿን ከዴሮዋ ጋር ወደዚያው ነዳች፤ መርሻም ሊሰናበት ተከተለ። ዴሮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታይ፣ መርሻ ቁጢጥ ብሎ ሣር ዘረጋላትና «ነይ» አላት። በርግጋ ፈረጠጠች፤ መንጋው ዘንድ ደርሳ ቆመች።

«ከሞት አውጥቻት ትሸሸኛለች?» አለ መርሻ፣ ፊቱ ወድቆ።

ዑባህም ወደ መንጋው ዞረች። ስምንት ወር የከለከለችው እጇ አላስችል ብሏት ተዘረጋ፤ ሁለት እርምጃ ብቻ ተራመደች። ዴሮዋ ለየቻት። መሬቱን በእግሯ መታ አድርጋ ስትፈተለክ መንጋው ሁሉ ተከትሏት አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ዑባህ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች።

«አየህ? ዋላሂ፣ ካንተ አብልጣ የፈራችው እኔን ነው!»